የሚክሰርና የፎርምወርክ ኪራይ፦ የቀን፣ የሳምንትና የወር ዋጋ እንዴት ይሰላል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጂ+1 ቤት እያሠሩ ነው። ሚክሰር (የአርማታ ማቡኪያ ማሽን) ለመከራየት ሲጠይቁ የተነገራቸው ዋጋ ለ1 ቀን 2,700 ብር፣ ለ1 ሳምንት 9,300 ብር፣ ለ1 ወር 27,900 ብር ነው፤ የማጓጓዣው ደርሶ መልስ 3,000 ብር በተከራይ። «የወሩን ለ30 ሳካፍለው ቀኑ 930 ብር ይመጣል። ታዲያ ለአንድ ቀን ብቻ ስወስድ ለምን ሦስት እጥፍ የሚጠጋ እከፍላለሁ? ለእኔ ሥራስ የሚያዋጣኝ የቀኑ ነው፣ የሳምንቱ ወይስ የወሩ?» ይላሉ። ሶሌታው (የፎቁ የአርማታ ወለል) 100 ካሬ ገደማ ነው፤ ፎርምወርክ (አርማታው እስኪጠነክር የሚይዘው ቅርጽ) እና ድጋፍ ብረትም ይከራያሉ።

እህቴ፣ ዋጋው እርስዎን ለመጉዳት የተቆለለ አይደለም። ሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ይጣጣማሉ፤ ሒሳቡን የሚያውቅ አከራይ የሠራቸው ይመስላሉ። ዋጋው ትክክል ሆኖም ግን ተከራይ ብዙ ብር የሚያጣበት መንገድ አለ፦ የሥራውን ቀን ሳይቆጥር «በወር ርካሽ ነው» ተብሎ ብቻ ወሩን መውሰድ። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመጡ ላሳይ፣ ከዚያ ወደ እርስዎ ሶሌታ እንሄዳለን።

አከራዩ ለራሱ የሚይዘው ሒሳብ ከዓመት ወጪ ይነሳል። ማሽኑ ሠራም ቆመም የሚወጣ ገንዘብ አለ። የሚከተሉት አሃዞች ስሌቱ እንዲታይ ለምሳሌ የያዝኳቸው ናቸው፤ አሠራሩ ግን በየትኛውም የአከራይ ጓሮ ያው ነው። ሚክሰሩ በ360,000 ብር ተገዝቶ ከ5 ዓመት በኋላ በ60,000 ብር ይሸጣል እንበል። የ300,000 ብሩ ልዩነት ለ5 ሲካፈል በዓመት 60,000 ብር እርጅና ነው። ገንዘቡ ማሽን ላይ ታስሮ በመቆየቱ ደግሞ ወለድ አለው፤ አማካይ ዋጋውን 210,000 ብር፣ ወለዱን 18 በመቶ ብንይዝ 37,800 ብር ይሆናል። ለጥገና፣ ማለትም ለቺንጊያ፣ ለኩሽኔታ፣ ለዘይትና ፊልትሮ፣ ለጎማ፣ ለበርሜሉ ጥርስ የግዢውን 15 በመቶ፣ 54,000 ብር እንያዝ። ለጓሮው ኪራይ፣ ለዘበኛና ለጸሐፊ የዚህ አንድ ማሽን ድርሻ 28,200 ብር ይሁን። ድምሩ በዓመት 180,000 ብር ነው።

አሁን ወሳኙ ጥያቄ ይመጣል፦ ይህ 180,000 ብር ለስንት ቀን ይካፈላል? ብዙ ሰው ለ365 ያካፍለዋል፤ ያኔ ቀኑ 493 ብር ብቻ ስለሚሆን የ2,700 ብሩ ዋጋ ዘረፋ ይመስላል። ማሽኑ ግን በዓመት 365 ቀን ውጭ አይውልም። ለአንድ አንድ ቀን የሚከራይ ማሽን ዛሬ ይወጣል፣ ነገ ይመለሳል፣ ይታጠባል፣ ደንበኛ እስኪመጣ ጓሮ ይቆማል። ክረምት ላይ ሳምንታት ያለ ሥራ ሊያልፉት ይችላሉ። በዚህ ሁኔታ በዓመት 120 ቀን ከተከራየ 180,000 ለ120 ሲካፈል በቀን 1,500 ብር ነው። በሳምንት የሚከራይ ከሆነ በሁለት ኪራይ መካከል የሚባክነው ቀን ስለሚቀንስ 180 ቀን ይወጣል እንበል፤ ቀኑ 1,000 ብር ይሆናል። በወር ለሚከራይ 240 ቀን ብንይዝ 750 ብር፣ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ለሚሄድ 300 ቀን ብንይዝ 600 ብር ነው። የቀን ዋጋ ውድ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፦ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ የቆመበት ቀን ዋጋ በሠራበት ቀን ላይ ይጫናል። ወር የሚይዝ ደንበኛ ያንን ሥራ የመፍታት ሥጋት ከአከራዩ ላይ ስለሚወስድለት ቅናሹን ያገኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ኪራዩ ረዘመም አጠረም የማይለወጥ ወጪ ነው። ማሽኑ ከመውጣቱ በፊት ሞተሩ ተነስቶ ይታያል፣ ዘይቱ ይለካል፣ ውል ይጻፋል፤ ሲመለስ በርሜሉ ውስጥ የደረቀ አርማታ ይፈለፈላል፣ ይታጠባል። ይህ ለአንድ ቀንም ለሦስት ወርም አንድ ጊዜ ነው። በአንድ ኪራይ 900 ብር እንያዘው። ከዚያ በማሽኑ ቀን ላይ 20 በመቶ ትርፍ ይጨመር፦

ለ1 ቀን፦ 1,500 ከነትርፉ 1,800፣ ሲደመር 900 = 2,700 ብር።
ለ7 ቀን፦ 1,000 ከነትርፉ 1,200፣ በ7 ሲባዛ 8,400፣ ሲደመር 900 = 9,300 ብር።
ለ30 ቀን፦ 750 ከነትርፉ 900፣ በ30 ሲባዛ 27,000፣ ሲደመር 900 = 27,900 ብር።
ለ90 ቀን፦ 600 ከነትርፉ 720፣ በ90 ሲባዛ 64,800፣ ሲደመር 900 = 65,700 ብር።

የተነገረዎት ዋጋ የሚመጣው እንዲህ ባለ ስሌት ነው። ሳምንቱ የቀኑን 3.4 እጥፍ፣ ወሩ የሳምንቱን 3 እጥፍ ገደማ ሆኖ ሲያገኙት ጤናማ ነው። አከራዩ ለሳምንት የቀኑን 6 እጥፍ ቢጠይቅዎት ግን የሳምንት ዋጋ የለውም ማለት ነው፤ የቀኑን በቀን ቁጥር አባዝቶ ጥቂት ብር ቀንሶልዎታል።

ሒሳቡን ማወቅ ለድርድር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የ2,700 ብሩ ዋጋ ውስጥ 900 ብሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ነው። ለ3 ቀን ሲፈልጉ «2,700 በ3፣ 8,100 ብር» ከተባሉ የማሽኑን ዝግጅት ሦስት ጊዜ ከፍለዋል፤ ማሽኑ ግን የታጠበውም የተፈተሸውም አንድ ጊዜ ነው። ትክክለኛው 900 ሲደመር 1,800 በ3፣ ማለትም 6,300 ብር ነው። ቃሉ ይህ ይሁን፦ «የመጀመሪያው ቀን 2,700፣ ተጨማሪ ቀን 1,800።» ጓሮው ላይ ቆመው ይህን ሲሉ አከራዩ ሒሳቡን እንደሚያውቁ ይገባዋል፤ ብዙው ይስማማል፤ ማሽኑ እርስዎ ዘንድ ካደረ ለእሱ ምንም አዲስ ወጪ የለበትምና።

በዚህ አያያዝ 4 ቀን 8,100 ብር፣ 5 ቀን 9,900 ብር ይመጣል። ስለዚህ 5 ቀን ከደረሰ የሳምንቱን 9,300 መውሰድ ይሻላል፤ 2 ቀን ትርፍ ያገኛሉ፣ 600 ብርም ይተርፋል። ተጨማሪውን ቀን በ1,800 አላሰላም ብሎ በ2,700 ከጸና ደግሞ መሸጋገሪያው 4ኛው ቀን ነው። በሳምንትና በወር መካከል ያለው መሸጋገሪያ 23ኛው ቀን ነው፦ 22 ቀን በሳምንቱ ተመን 900 ሲደመር 1,200 በ22፣ 27,300 ብር፤ 23 ቀን 28,500 ብር። በ22 ቀን ወይም ከዚያ በታች ለሚያበቃ ሥራ «ወሩን ይውሰዱት» ቢባሉ እሺ አይበሉ።

ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ኪራዩ ከታሰበው ሲያጥር ወይም ሲረዝም ነው። ወር ብለው ከፍለው በ12ኛው ቀን ቢመልሱ ምን ይሆናል? አከራዩ የወር ቅናሽ የሰጠዎት ወሩን ሙሉ ማሽኑ እንደሚወጣ አምኖ ስለሆነ በወሩ የቀን ተመን፣ በቀን 900 ብር ሒሳብ፣ 12 ቀን ብቻ ቆርጦ ቀሪውን አይመልስም፤ ይህን መጠበቅም ልክ አይሆንም። በአንጻሩ 27,900ውን ሙሉ ይዞ መቅረቱም ልክ አይደለም። ሚዛናዊው አሠራር በትክክል በቆየበት ርዝመት ተመን እንደገና ማስላት ነው፦ 12 ቀን በሳምንቱ ተመን 900 ሲደመር 1,200 በ12፣ 15,300 ብር። ውሉ ላይ «ተከራይ ቀድሞ ቢመልስ ሒሳቡ በቆየበት ቀን ተመን ይሠራል፤ ከወሩ ዋጋ ግን አይበልጥም» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ነው። በእጅዎ ያለ ወረቀት ከሌለ ቅድሚያ የተከፈለ ብር መመለስ እጅግ ይከብዳል።

ሲረዝምም እንዲሁ ነው። በቀን ጀምረው ሳምንት ከዘለቀ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሳምንት ተመን እንዲሰላ አስቀድመው ይነጋገሩ። ጊዜው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከአንድ ቀን በፊት ደውሎ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ አከራዩ ማሽኑን ለሌላ ሰው ቀብድ ተቀብሎበት ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ ቅናሹ ቀርቶ ቅጣት ይመጣል።

አሁን ወደ እርስዎ ሶሌታ። የኪራዩን ርዝመት የሚወስነው የአርማታው መጠን ነው። 100 ካሬ ሶሌታ 15 ሳንቲ ውፍረት ካለው 15 ሜትር ኩብ ነው፤ ቢሙ (ሶሌታውን የሚሸከመው አግዳሚ) ሲጨመር 20 ሜትር ኩብ እንያዝ፤ ትክክለኛውን መሐንዲስዎ ከፕላኑ ያወጣል። ሲ-25 ለሚባለው የጥንካሬ ደረጃ አርማታ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ከገባ ለ20ው 7,200 ኪሎ ነው፤ 72 ኩንታል፣ 144 ከረጢት። ባለ አንድ ከረጢት ሚክሰር በአንድ ዙር 0.14 ሜትር ኩብ ገደማ ያወጣል። ጠጠርና አሸዋ በሳጥን እየተለካ ተጭኖ፣ ውሃው ገብቶ፣ ተቦክቶ፣ እስኪገለበጥ 4 ደቂቃ ይፈጃል ብንል በሰዓት 15 ዙር፣ 2 ሜትር ኩብ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። 20 ሜትር ኩብ ያለ አንዳች መቆም 9 ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ምሳና የናፍጣ መሙያ ሲጨመርበት ከ11 ሰዓት በላይ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቢጀምሩ የሚጨርሱት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል በጨለማ ይሞላል።

ስለዚህ አማራጩ ሁለት ነው። አንዱ አንድ ሚክሰር ለ2 ቀን፣ 4,500 ብር። ሌላው ሁለት ሚክሰር ለ1 ቀን፣ 5,400 ብር። የ900 ብሩን ልዩነት አይተው የመጀመሪያውን አይምረጡ። ሶሌታ ለሁለት ቀን ተከፍሎ ሲሞላ የትናንቱ ደርቆ የዛሬው ይገጥመዋል፤ መገጣጠሚያው ያለ መሐንዲስ ትእዛዝ በሆነ ቦታ ከቆመ ለስንጥቅና ለውሃ መግቢያ ይሆናል። የቀን ሠራተኛውም፣ ቫይብሬተሩም (አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው መሣሪያ) ሁለት ቀን ይከፈልበታል። ሁለት ሚክሰር አንድ አይሱዙ ላይ ስለሚጫን ማጓጓዣው ብዙ አይጨምርም፤ አንዱ ቢበላሽ ሥራው በሌላው ይቀጥላል። የፒላር (የምሰሶ) ወይም የግሬድ ቢም (መሠረቱ ላይ የሚያርፈው አግዳሚ) አርማታ ሲሆን ግን ከ5 እስከ 8 ሜትር ኩብ ስለማይበልጥ አንዱ ከበቂ በላይ ነው።

ቫይብሬተሩን አይርሱት። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ሰው ሳያስብ አንድ ብቻ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን እሱ ነው፤ መርፌው (አርማታው ውስጥ የሚገባው ጫፉ) ፌሮ መካከል ተቀርቅሮ ይጣመማል፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ይበጠሳል። ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ሁለት መርፌ ይያዙ። የኤሌክትሪክ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ በአካባቢዎ መብራት የሚመላለስ ከሆነ የቤንዚኑ ይሻላል።

ቀጥሎ የሙሉ ግንባታውን ቀን እንቁጠር። በጂ+1 ቤት አርማታ የሚሞላው በተራራቁ ቀኖች ነው፦ የመሠረት ፉቲንግ (የፒላሩ መቆሚያ)፣ የመሠረት ፒላር፣ ግሬድ ቢም፣ የምድር ወለል፣ የምድር ፒላር፣ ሶሌታ ከነደረጃው፣ የላይ ፒላር፣ የላይ ቢም። ስምንት ቀን ገደማ በሦስት ወር ውስጥ ተበትኖ ማለት ነው፤ በመካከሉ አናጺው ይሠራል፣ ፌሮ ይታሰራል፣ አርማታው ውሃ ይጠጣል። ሚክሰሩን 8 ጊዜ ለአንድ አንድ ቀን ቢያመጡ እያንዳንዱ 2,700 ሲደመር ማጓጓዣ 3,000፣ 5,700 ብር ነው፤ በ8 ሲባዛ 45,600 ብር። የሶሌታው ቀን ሁለተኛ ሚክሰር 2,700 ሲጨመር 48,300 ብር። ለሦስት ወር አንዴ ቢወስዱ 65,700 ሲደመር ማጓጓዣ 3,000፣ 68,700 ብር፣ የሶሌታው ሁለተኛ ሚክሰርም በዚያ ላይ። በቀን ሲታይ 730 ብር ብቻ የሆነው ኪራይ በጠቅላላው ከ20,000 ብር በላይ ያስወጣዎታል፤ ማሽኑም አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ይከርማል። መሸጋገሪያው 12 ምልልስ ነው፦ እስከዚያ ድረስ የቀኑ ያዋጣል፣ 13ኛው ላይ የሦስት ወሩ ይረክሳል። በዚህ ዋጋ ለእርስዎ የሚክሰር ኪራይ በቀን ነው።

ሁለት የመሙያ ቀኖች ሲቀራረቡ ማሽኑን ማሳደር ወይስ መመለስ? መልሶ ማምጣት 3,000 ማጓጓዣና 900 ዝግጅት፣ 3,900 ብር ያስወጣል። ማሳደር በተጨማሪ ቀን 1,800 ነው። ስለዚህ በመካከል የሚባክነው ቀን 2 ከሆነ ያሳድሩት፣ 3 ከሆነ ይመልሱት። ዓርብ ፉቲንግ ሞልተው ሰኞ የመሠረት ፒላር ካለዎት ማሽኑን አያንቀሳቅሱት፤ እሑድ እንዳይቆጠርብዎት ይነጋገሩ፣ ዘበኛም ይኑር፤ ያለ ጠባቂ ካደረ ማሽን ላይ ባትሪና የናፍጣ ቱቦ ይጠፋል፣ የሚከፍለው ተከራይ ነው።

ማጓጓዣውን ለመቀነስ ከሁሉ የሚሻለው ጎረቤት ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ገላን ዙሪያ ግንባታው ተያይዞ ነው የሚሄደው፤ በአጠገብዎ የሚሞላ ሰው ካለ ቀኑን አስተካክላችሁ ማጓጓዣውን ብትጋሩት 1,500 ብር ከእያንዳንዱ ምልልስ ይቀንሳል። ውሉን ግን አንድ ሰው ብቻ ይፈርም፣ ማሽኑን ማን በስንት ሰዓት እንደተረከበ በእናንተ መካከል በወረቀት ይያዝ። ማጓጓዣ ስትነጋገሩ ጫኝና አውራጁ በዋጋው ውስጥ መሆኑን ጠይቁ። በየሰፈሩ የተደራጁ ልጆች የማውረጃ ስለሚጠይቁ 3,000 የተባለው በር ላይ 4,000 ሊሆን ይችላል።

ፎርምወርክና ድጋፍ ብረት ጋ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ሚክሰር ሥራውን በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ ፎርምወርክ ግን አርማታውን ተሸክሞ መቆየቱ ራሱ ሥራው ነው። ስለዚህ በካሬ በወር ይሰላል፤ ድጋፉ በቁጥር በወር። ለምሳሌ ላሜራው (የፎርምወርኩ የብረት ሉህ) በካሬ 150 ብር ከሆነ ለ100 ካሬ 15,000 ብር፣ ድጋፉ በ1 ሜትር ርቀት 120 ያህል ሲቆም በ80 ብር 9,600 ብር፣ ድምሩ በወር 24,600 ብር፣ በቀን 820 ብር ነው።

የሶሌታውን ጊዜ ስንቆጥር፦ አናጺ ለመግጠም 6 ቀን፣ ፌሮና የመብራት ቱቦ 4 ቀን፣ መሙላት 1 ቀን፣ የሶሌታው ድጋፍ ቢያንስ 14 ቀን፣ መንቀያና ማጽጃ 2 ቀን፤ 27 ቀን። የቢሙ ድጋፍ ግን ብዙ ጊዜ 21 ቀን ይቆያል፤ ያ ወደ 34 ቀን ያደርሰዋል። ወሩ 30 ነው። አከራዩ «ወር ከገባ ወር ነው» የሚል ከሆነ ለ4 ቀን ሁለተኛ 24,600 ብር ይከፍላሉ። መፍትሔው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከ30 ቀን በላይ ያለው በቀን ተካፍሎ እንዲከፈል በውል ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በከፊል መመለስ እንዲቻል ይስማሙ፤ የሶሌታውን ላሜራና ድጋፍ በ27ኛው ቀን መልሰው ቢሙ ሥር ያለውን ብቻ ያቆዩ፤ ከ30ኛው ቀን በኋላ ለ4 ቀን የሚከፍሉት የእሱን ድርሻ ብቻ ይሆናል።

አንድ ነገር በብርቱ ልናገር። የኪራይ ቀን ላለማለፍ ተብሎ ድጋፍ ቀድሞ አይነቀል። በ9ኛው ቀን ተነቅሎ ሶሌታው ቢያጎነብስ ወይም ቢሰነጠቅ ለማስተካከል የሚወጣው ከብዙ ወር ኪራይ ይበልጣል፤ ሰው ሥር ካለ ደግሞ ሕይወት ነው። መንቀያውን ቀን የሚወስነው መሐንዲሱ ነው፤ በክረምት ብርድ ሊያራዝመውም ይችላል። ቀን መቀነስ ከፈለጉ ከፊቱ ይቀንሱ፦ ፌሮው ተቆርጦና ታጥፎ ሳያልቅ፣ አናጺው ቦታው ላይ ሳይገኝ ላሜራ አያስመጡ። የሚባክነው ቀን ሁሉ 820 ብር ነው፤ ብዙ ቤት ላይ ላሜራው ግቢ ተቆልሎ ሳምንት የሚያልፈው በዚህ ነው።

የፒላር ፎርምወርክ ከዚህ ይለያል። ጎኑ በማግስቱ ሊፈታ ስለሚችል ለ12 ፒላር 12 ፎርም መከራየት ብክነት ነው። 4 ፎርም ተከራይተው በ2 ቀን አንድ ጊዜ እያዞሩ በሦስት ዙር፣ በሳምንት ይጨርሳሉ። ሚክሰሩ ግን ሦስት ጊዜ ሊፈለግ ነው፤ በእጅ ተቦክቶ የሚሞላ ከሆነ ያዋጣል፣ ካልሆነ የማጓጓዣውን ሒሳብ ከፎርሙ ሒሳብ ጋር ያነጻጽሩ።

ላሜራ ሲረከቡ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በመጠን ለይተው ይመዝግቡ፣ የተጣመመውን ፎቶ ያንሱ። የሚጠፋው ማያያዣው፣ ክላምፑና ፒኑ ነው፤ በከረጢት ተቆጥሮ ይግባ፣ ተቆጥሮ ይውጣ። ከመገጠሙ በፊት የተቃጠለ ዘይት ካልተቀባ አርማታው ይጣበቅና የማጽጃ ይቆረጥብዎታል፤ ዘይቱ ግን ፌሮ ላይ እንዳይፈስ።

የ«ቀን»ና የ«ወር» ትርጉም በወረቀት ላይ ይስፈር። ቀን የሚሉት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው ወይስ 24 ሰዓት? ማሽኑ ማታ ደርሶ ማግስቱ በጠዋት ሥራ እንዲጀምር ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ ያደረበት ሌሊት እንዳይቆጠር ይነጋገሩ። ቅዳሜ ሞልተው እሑድ የአከራዩ ጓሮ ዝግ ስለሆነ ሰኞ ጠዋት ቢመልሱ ይህ 1 ቀን ነው። በሳምንትና በወር ኪራይ ግን እሑድም በዓልም ይቆጠራል፤ ቅናሹ ይህን ታስቦ የተሰጠ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው በማርያም ወይም በሚካኤል ቀን የማይገባ ከሆነ፣ የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ ሳምንት ላይ ኪራይ ባይጀመር ይሻላል።

ወሩ ጳጉሜን ካገኘ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነሐሴ 20 «ለአንድ ወር» ተብሎ የተወሰደ ማሽን በ30 ቀን ቢቆጠር መስከረም 14 ያበቃል፤ በወር ስም ቢቆጠር ግን መስከረም 19 ድረስ 35 ቀን ነው። ቤት ኪራይ ላይ ጳጉሜን ብዙ ጊዜ አትቆጠርም፤ ማሽን አከራይ ግን ይቆጥራታል። በሚክሰሩ የወር ተመን የ5 ቀኑ ልዩነት 4,500 ብር ነው። «30 ተከታታይ ቀን» ብሎ ከነመጀመሪያና መጨረሻው ቀን መጻፍ ነው፤ ድርጅቱ በፈረንጅ ቀን የሚሠራ ከሆነም ያው።

ማሽኑ ሲበላሽ ቆጠራው ይቁም፤ ከደወሉበት ሰዓት ጀምሮ። በመሙላት ላይ ሳለ ከሆነ አከራዩ በ2 ሰዓት ውስጥ ሌላ ማሽን ወይም መካኒክ እንደሚልክ ውሉ ላይ ይኑር። በአጠቃቀም የተበላሸ ከሆነ ግን በተከራይ ነው፦ ማታ ሳይታጠብ አድሮ በርሜሉ ውስጥ የደረቀ አርማታ፣ ያለ ዘይት የሠራ ሞተር፣ ከአቅም በላይ ተጭኖ የተሰበረ ጥርስ። ርክክብ ላይ ሞተሩን አስነስተው 10 ደቂቃ ባዶውን አዙረው ይስሙት።

ናፍጣውን ከኪራዩ ለይተው ይያዙ። ከነናፍጣው የተባለ ዋጋ ብዙ ጊዜ ለአከራዩ ያደላል፤ ነዳጅ ይጨምራል ብሎ ከወዲሁ ያስገባዋልና። ታንኩ በምን መጠን እንደተሰጠዎት ይመዝገብ፣ በዚያው መጠን ይመለስ። ዋጋው ቫትን ያካተተ መሆኑንም አስቀድመው ይጠይቁ፤ 15 በመቶ ሲጨመር 2,700ው 3,105፣ የወሩ 27,900 ደግሞ 32,085 ብር ይሆናል። የራስዎን ቤት የሚሠሩ ከሆነ ይህ የማይመለስ ወጪ ነው፤ ሁለት አከራይ ሲያወዳድሩ ሁለቱንም ከነቫቱ ያወዳድሩ።

አከራዮች ለረጅም ጊዜ ዋጋ መቁረጥ የማይወዱበት ምክንያትም አላቸው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የማሽንና የመለዋወጫ ዋጋ በብር ንሯል። በ360,000 የተገዛ ማሽን ሲያረጅ በዚያ ዋጋ አይተካም፤ ስለዚህ አስተዋይ አከራይ እርጅናውን በገዛበት ሳይሆን ዛሬ በሚተካበት ዋጋ ያሰላል። ከሦስት ወር በላይ ለሚሄድ ኪራይ «ዋጋው በየሦስት ወሩ ይከለሳል» ቢል አይደነቁ፤ ጭማሪው ግን ከጣሪያ ጋር ይጻፍ፣ ለምሳሌ ከ10 በመቶ የማይበልጥ።

ለመሠረት ቁፋሮ ኤክስካቫተር ወይም ሎደር ካስፈለገዎት ስሌቱ በሰዓት ነው፤ ቆጣሪው ማሽኑ ላይ አለ፣ ሲጀምርና ሲያቆም አንብበው ይፈርሙ። ዝቅተኛ ሰዓት አለው፤ ብዙ ጊዜ በቀን 8፣ በወር 200 ሰዓት። 5 ሰዓት የሚፈጅ ቁፋሮ ላይ የ8 ሰዓት ስለሚከፈል ቀሪውን 3 ሰዓት አፈር ለመግፋት ወይም ለጎረቤት ያውሉት። ከሎቤድ (ማሽን ከሚጭነው ተሳቢ) ወርዶ የሚሄድበት ጊዜ፣ ገልባጭ መኪና ሲጠብቅ የሚቆምበት ጊዜ በማን እንደሆነ ይለይ። ሞተሩ ሳይጠፋ ከቆመ ቆጣሪው ይሄዳል፤ ገልባጩ ካልደረሰ ኦፕሬተሩ ሞተሩን እንዲያጠፋ ይንገሩት።

ክረምት ላይ ዋጋ መደራደር ይቀላል፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ሥራ ስለሚቀዘቅዝ የሳምንቱ ዋጋ እንኳን ለ10 ቀን ሊሰጥዎት ይችላል። በእርስዎ አካባቢ ግን አፈሩ መረሬ፣ ሲዘንብ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ነው። ሁለት ቀን ከዘነበ ከአስፋልቱ ወደ ግቢዎ የሚገባው መንገድ አይሱዙ አያስገባም፤ የጨረሱትን ማሽን ለማውጣት መንገዱ እስኪደርቅ ኪራዩ ይቆጠራል። «መንገድ በዝናብ በመዘጋቱ ማሽኑ ካልወጣ ያ ቀን በግማሽ ተመን ይታሰባል» የሚለውን ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፣ ሚክሰሩንም ካለቀ በኋላ ግቢ ውስጥ አይተዉት፤ በዕለቱ በሠራተኛ አስጎትተው ጠጠር የለበሰው መንገድ ዳር ያድርሱት።